ዕርዳታው ከመጋዘን እስከ ሕፃኑ ገበታ

(በፍኖተ ሰላም ከተማ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እኛ በቡሬ ዙሪያ ከሚገኝ አንድ የገጠር አጥቢያ የተላክን የሰበካ ጉባኤ አባላት ነን። ወደዚህ ጉባኤ ስንጠራ የተጠየቅነው ስለ ሠራነው መልካም ሥራ እንድንናገር ነበር። ተመካክረን ግን መጀመሪያ ስላጠፋነው ብንናገር ይሻላል አልን፤ ከሥራችን ይልቅ ከስሕተታችን የተማርነው ይበዛልና። የአጥቢያችንን ስም የማንጠራውም ለራሳችን አፍረን ሳይሆን፣ ታሪኳን የምንናገርላት እናት ዛሬም በመካከላችን ስለምትኖር ነው።

የምዕራብ ጎጃምን ምድር ለእናንተ ማስተዋወቅ ለባለቤቱ ቤቱን እንደ ማሳየት ነው። ከደምበጫ እስከ ቡሬ፣ ከጃቢ ጠህናን እስከ ወምበርማ በቆሎው፣ ጤፉ፣ ዳጉሳው፣ በርበሬው ምን ያህል እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ። በመኸር ወራት በዚህች በፍኖተ ሰላም በኩል እህል ጭኖ የሚያልፈውን መኪና ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶ 46ቱ የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የማይመጥን ሆነው ተገኙ። የአገሪቱ አማካይ ከመቶ 38 ነበር። በዚያ ዓመት ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር የእኛ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት የክልላችን ቁጥር ወደ 41 ዝቅ ቢልም ከአገሪቱ አማካይ፣ ከ37፣ አሁንም ይበልጥ ነበር። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሲያውጅ ስሙን ከዋግ ኽምራዋ ሰቆጣ ወሰደ። ብዙዎቻችንም ነገሩ የድርቅ አገር ጉዳይ እንጂ የእኛ አይደለም ብለን ቈየን።

ሕፃን ግን ጠግቦም ይቀነጭራል። በጠዋት እንጀራ በሽሮ፣ በምሳ እንጀራ በሽሮ፣ በራት እንደዚያው የሚበላ ልጅ ሆዱ ሞልቶ ሊተኛ ይችላል፤ አጥንቱና አእምሮው የሚሠሩበት ነገር ግን ይጎድለዋል። ከጽንሰት ጀምሮ ሁለተኛ ዓመቱን እስኪደፍን ያሉት 1,000 ቀናት የማይደገሙ ናቸው። ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል ወደ ገበያ ሄዶ ጨውና ሳሙና፣ ደብተርና ቡና ይሆናል። ይህን የምንለው እናቶችን ለመውቀስ አይደለም፤ ጨውና ደብተር በምን ይገዛ? ነገሩ እንዲህ መሆኑን ሳያውቁ ስለ ዕርዳታ መናገር ግን ከንቱ ነው።

በአጥቢያችን ዕርዳታ የሚሰጣቸው ከዓባይ ማዶ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች፣ መሬት የሌላቸው የቀን ሠራተኞችና ያለ ባል ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ናቸው። በአገራችን በተለመደው ልኬት ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ያህል ዘይት ይታደላል። ይህን በ30 ቀን ስናካፍለው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል፣ 50 ግራም ጥራጥሬና አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይሆናል። ለአዋቂ ሰው ነፍስ ማቆያ ነው። ቅጠላ ቅጠል፣ ፍራፍሬ፣ እንቁላል፣ ወተት ግን በውስጡ የለም። ስለዚህ ለደከሙ ሕፃናት የተለየ ዕርዳታ አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በምትለካበት ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን በጤና ኬላ ሕክምና ይጀምራል፤ በ11.5 እና በ12.5 መካከል፣ በቢጫው ክልል ያለው ደግሞ አቅርቦቱ ባለበት ጊዜ አልሚ ዱቄት ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ጥፋታችን እንምጣ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ነው። አምስት ልጆች ያሏት አንዲት እናት ነበረች፤ ባሏ ለቀን ሥራ ሄዶ ከቀረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። የመጨረሻው ልጇ በሁለት ዓመት ከሁለት ወሩ ክንዱ ሲለካ 12 ሴንቲ ሜትር ሆነ። አልሚ ዱቄትና ዘይት ተሰጣት። በወሩ ሲለካ ይጨምራል ብለን ስንጠብቅ ወርዶ 11.8 ሆነ። ከእኛ አንዱ «ትሸጠዋለች» አለ። ሌሎቻችን ሳንመረምር ተቀበልነው። የሚቀጥለው ዕደላ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ነበርና በሕዝቡ ፊት ጠርተን ገሠጽናት፤ ስሟም ከመዝገብ እንዲወጣ ወሰንን። እርሷ አንዲት ቃል አልመለሰችም። ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ ሄደች፤ እኛም ዝምታዋን እንደ እምነት ቃል ቈጠርነው።

የንስሐ አባቷ የሆኑት አረጋዊ ቄስ በዕለቱ አልነበሩም። በማግስቱ ሰምተው፣ እኛን አንዳች ሳይናገሩ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቤቷ ሄዱ። እኛም ተከተልን። መስቀል ካሳለሟት በኋላ «ልጄ፣ ለሕፃኑ የምታበስዪለትን እስኪ አሁን አብስዪና አሳዪኝ» አሏት። ከረጢቱን አመጣች፤ ከሥሩ ሁለት እፍኝ ቀርቷል።

«አባቴ፣ ለአንዱ ሠርቼ አራቱን ምን ልበላቸው? ዐይናቸው እያየ? ከሊጡ ጋር አቡክቼ ለሁሉም ጋገርሁት» አለች።

ቄሱ ጥቂት ዝም ብለው «ከጾሙ ወዲህስ?» አሏት።

«ከጾሙ ወዲህ ደግሞ ወተት አለበት ሲሉ ሰማሁ። ያለችኝ ድስት አንዲት ናት። በእርሷ ብሠራ ጾሜን አፈርሳለሁ ብዬ ፈራሁ። እንጀራውን በሽሮ እያራስሁ አበላሁት።»

«ልጄ፣ ጾሙ የአንቺና የእኔ ነው። የእርሱ ጊዜ ገና አልደረሰም» አሏት። ከዚያም ልጅ ልከው ከቤታቸው አንዲት ትንሽ የሸክላ ድስትና አንድ የእንጨት ማንኪያ አስመጡ፤ «ይህች የእርሱ ናት፤ ሌላ ነገር አትግባባት» ብለው ሰጧት። ያ ዱቄት ከበቆሎና ከአኩሪ አተር የተዘጋጀ እንጂ ወተት የነበረበት እንዳልሆነ በኋላ ከጤና ኬላ አረጋገጥን። ቢኖርበትስ ኖሮ? በቀዩ ክልል ላሉት ሕፃናት የሚሰጠው ከኦቾሎኒ የተሠራ ምግብ የዱቄት ወተት አለበት፤ ለሕፃኑ መድኃኒቱ እርሱ ነው።

ስሟን ወደ መዝገቡ መለስን። የገሠጽናት በሕዝብ ፊት ነበርና ይቅርታውም በሕዝብ ፊት መሆን ነበረበት። ይህን ለማድረግ ሦስት ሳምንት ፈጀብን፤ ለምን እንደ ዘገየ የኮሚቴ ሥራ የምታውቁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። የሕፃኑ ክንድ በሁለት ወር ውስጥ ወደ አረንጓዴው ክልል ወጣ። ቁመቱ ግን ዛሬም ከእኩዮቹ ዝቅ ያለ ነው። በክንድ ላይ የጎደለ ሥጋ በወራት ይመለሳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሳይጨመር የቀረ ቁመት ግን በአብዛኛው አይመለስም። በዚህ በኩል እኛ ከመድረሳችን በፊት ጊዜው አልፎ ነበር።

አባቶቻችን ካህናት ሆይ፤ ከዚህ ቀጥሎ የምንለው በተለይ እናንተን የሚመለከት ነው፤ ድፍረት እንዳይሆንብን ይቅርታችሁን እንለምናለን። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጾም እንደማይገደድ እናንተ አስተምራችሁናል። በየቤቱ ስንዞር ያገኘነው ግን ትምህርቱን የማያውቅ ሰው አይደለም። እናቲቱ ልጇ እንደማይጾም ታውቃለች፤ ችግሯ ድስቱ ነው። ረቡዕና ዓርብን ሳንጨምር ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ ጾመ ነቢያትና ጾመ ሐዋርያትም አሉ። አንዲት ድስት ባለችበት ቤት፣ በእነዚህ ቀናት ሁሉ የሕፃኑ እንቁላልና ወተት የሚቀረው በሕግ ተከልክሎ ሳይሆን ዕቃ እንዳይነካካ ተብሎ ነው። ከ1,000ው ቀን ውስጥ ይህ ምን ያህሉን እንደሚወስድ እናንተው አስሉት። ስለዚህ «ሕፃናት አይጾሙም» ተብሎ በዐውደ ምሕረት መሰበኩ መልካም ቢሆንም፣ «ለሕፃኑ የብቻው ድስት ይኑረው፤ እርሱን አብስሎ እጅን ታጥቦ ወደ ጾም ምግብ መመለስ ጾምን አያፈርስም» የሚለው ቃል ከንስሐ አባት አፍ በቤት ውስጥ ሲነገር የሚሠራው ሌላ ነው። እኛ ምእመናን ይህን ብንናገር ማን ይሰማናል? የጤና ባለሙያዋ ብትናገርም «እርሷ ስለ ሥጋ ነው የምታውቀው» ይሏታል።

ስለ እናቲቱም እንዲሁ። ነፍሰ ጡር በቀን አንድ ተጨማሪ ማዕድ፣ የምታጠባ እናት ሁለት ተጨማሪ ማዕድ እንደሚያስፈልጋት የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። እንዴት እንደምትጾም መወሰን የአባቶች ሥልጣን ነው፤ እኛ በዚያ አንገባም። ነገር ግን ብዙ እናቶች ለመጠየቅ ያፍራሉ፤ ሳይጠይቁም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቈያሉ። የደም ማነስን የሚከላከለውን የብረት ክኒን እንኳ «ጾም ይፈታል» ብላ በመደብ ሥር የደበቀች አግኝተናል። ሳትጠየቁ ቀድማችሁ ብትነግሯቸው ግማሹ ሸክም ይቀልላል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ለክርስትና ስትመጣ እናቲቱን በግድ ታገኟታላችሁ። ያ ቀን ስድስት ወር እስኪሞላ ከጡት በቀር ቅቤም፣ የአብሽ ውኃም፣ የላም ወተትም እንዳትሰጥ ለመንገር ከጤና ኬላው ቀጠሮ የተሻለ ነው፤ አያቲቱም አብራ ቆማለችና። በቤቱ ውስጥ ሕፃኑ ምን እንደሚቀምስ የምትወስነው ብዙ ጊዜ አያቲቱ ናት።

ሁለተኛው የእናቲቱ ቃል፣ «አራቱን ምን ልበላቸው?» ያለችው፣ ከድስቱ ይልቅ አስቸገረን። ድስት ይገዛል። ለአንድ ልጅ የተሰጠን ምግብ አራት የተራቡ ወንድሞችና እኅቶች ባሉበት ቤት ለአንዱ ብቻ አብስዪ ማለት ግን እናትን ከማትችለው ነገር ጋር ማታገል ነው። አልሚው ዱቄት እንደ መድኃኒት ነው፤ የሳል ሽሮፕ ለወንድም አይካፈልም እያልን ስንመክር ቈይተናል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ራቡ ግን ምክር አይሰማም። በመጨረሻ ሰንበቴዎቹን ለመንናቸው። በየሳምንቱ ከማኅበርተኞች እያንዳንዳቸው አንድ ጣሳ ባቄላ ወይም ስንዴ ያወጣሉ፤ እናቶች በተራ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ማክሰኞና ሐሙስ የእነዚያ ቤቶች ትልልቅ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ይበላሉ። ንፍሮ የዕለት ምግባችን ስለሆነ የናቅነው እንጂ ጥራጥሬና እህል በአንድ ላይ የያዘ መልካም ምግብ ነው። ከዚያ ወዲህ የሕፃኑ ዱቄት በሕፃኑ ድስት ውስጥ ዋለ። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ሌላውን ቀን ገና አልቻልንም።

ስለ አበሳሰሉ እናቶች የበለጠ ያውቃሉ፤ ከጤና ባለሙያዋ ጋር ስንሠራ ጠቅመው ያገኘናቸውን ብቻ እንናገር። አልሚው ዱቄት ሲያልቅ ወይም ሳይመጣ ሲቀር፣ ከዕርዳታው እህል ሦስት እጅ፣ ከጥራጥሬው አንድ እጅ ተቈልቶና ተፈጭቶ ጥሩ የገንፎ ዱቄት ይወጣዋል። ብዙ እናቶች ሕፃኑ እንዲውጥ ብለው ያቀጥኑታል፤ ቀጭን አጥሚት ግን አብዛኛው ውኃ ነው። ለዚህ መፍትሔው ከየቤታችን አለ፦ ለጠላ የምናበቅለው ብቅል። ጌሾ ያልነካው፣ ያልሻገተ ንጹሕ ብቅል ተፈጭቶ፣ ወፍራም ገንፎ ተሠርቶ ጥቂት ሲበርድ አንዲት የሻይ ማንኪያ ጨምረው ቢያማስሉት ውኃ ሳይጨመርበት ይለሰልሳል። ከዚያ እንደገና ፈልቶ ይወርዳል። ሕፃኑ በትንሽ ሆዱ ብዙ ምግብ ይይዛል። እኛ ይህን ስንሰማ አላመንም ነበር፤ አንዲት እናት በፊታችን ሠርታ አሳየችን። አባቶቻችን በጾም የሚመገቡት በቈልትም ከዚሁ ጋር ዘመድ ነው፤ ጥራጥሬ ሲበቅል በውስጡ ያለው ብረትና ዚንክ ለሰውነት ይቀልላል። ጎመኑ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ቡናውን ከምግቡ ማራቅ፣ አዮዲን ያለውን ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ማኖርና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር ገንዘብ አይጠይቅም። የሻገተ በቆሎ ግን ታጥቦም ተቈልቶም ለሕፃን አይሆንም፤ መርዙ በእሳት አይጠፋም። የጥራጥሬው ድርሻ ሲያልቅ ወደ ጓያ የሚዞሩም አሉ። ለጥቂት ቀን ቢሆን ምንም አይደል፤ ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግርን ሽባ ያደርጋል።

ስለ እንቁላል አንድ ነገር እንጨምር። በኢኳዶር ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ላሉ ሕፃናት ለስድስት ወር በቀን አንድ እንቁላል ቢሰጣቸው መቀንጨር በግማሽ ገደማ ቀንሶ እንደ ተገኘ በ2009 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ያሳያል። በማላዊ ሲደገም ግን ይህን ያህል ለውጥ አልታየም፤ ተመራማሪዎቹ እንደ አንድ ምክንያት ያነሡት የዚያ አገር ሕፃናት ቀድሞም ዓሣ ይመገቡ ስለነበር ነው። በእኛ ገጠር የሕፃን ገበታ ላይ ዓሣ የለም። ስለዚህ ዶሮ ያላት እናት ከምትሸጠው ሦስት እንቁላል አንዱን ለሕፃኑ እንድታስቀር፣ ዶሮ ለሌላት ደግሞ በክርስትና ቀን ከክርስትና አባት ወይም እናት አንዲት ጫጩት እንድትሰጣት ለማስለመድ ጀምረናል። እስካሁን የሰጡት ጥቂቶች ናቸው። በዚህ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያላችሁ ደግሞ ማንጎ ከዛፉ ሥር ወድቆ የሚበሰብስበት ወቅት አላችሁ፤ ለዐይን ብርሃን የሚሆነው ቫይታሚን ኤ በዚያ ውስጥ አለ፤ እኛ ዱባና ጥቅል ያልሆነ ጎመን ይዘን እንቀናባችኋለን።

ስለ መዝገቡም ሳንናገር አናልፍም። በመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን የተነሣው ማጉረምረም በዕለት ምግብ ዕደላ የተዘነጉ መበለቶች ጉዳይ እንደ ነበር በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል። ሐዋርያት ለዚህ ሥራ የሾሙት እስጢፋኖስን የመሰሉ ሰዎችን ነው፤ ስም መመዝገብ ትንሽ ሥራ ሆኖ አልታያቸውም። እኛ ጋ ግን መዝገቡን የሚይዘው መጻፍ የሚችል የተባለ ሁሉ ነበር። አሁን በኮሚቴው ሁለት እናቶች አሉ፤ አንዷ ያች የገሠጽናት እናት ናት። መጀመሪያ እምቢ አለች። የንስሐ አባቷ ናቸው ያግባቧት። የማንም ስም ቤቱ ሳይታይ፣ ድስቱ ሳይጠየቅ ከመዝገብ እንዳይወጣ ደንብ ያስገባችው እርሷ ናት። አንድ ሰው አንድ ከረጢት ሸጦ ሲገኝም መጀመሪያ የምትጠይቀው «የወፍጮውን ከምን ከፈለ?» ብላ ነው። እውነቷን ነው፤ እህል ተሰጥቶት የማስፈጫ የሌለው ሰው ከእህሉ ሸጦ ያስፈጫል። ይህን ካወቅን ወዲህ ከሙዳየ ምጽዋቱ ለድኾች የማስፈጫ ጥቂት ገንዘብ እንመድባለን፤ ከባለ ወፍጮውም ጋር ተነጋግረን ቀንሶልናል።

አሁን ጾመ ነቢያት ሊገባ ነው። በቢጫው ክልል ያሉ ሕፃናት ካሉባቸው ቤቶች ስድስቱ ዛሬም አንዲት ድስት ብቻ ነው ያላቸው። የብረቱ ድስት ዋጋው ከአቅማችን በላይ ሆኗልና ሸክላ ልንገዛ አስበናል፤ በአጥቢያችሁ ትንንሽ ድስት የምትሠራ ሸክላ ሠሪ ያላችሁ ከጉባኤው በኋላ ዋጋዋን ብትነግሩን፣ ስንመለስ በመንገዳችን ይዘን እንገባለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።